እድራችን ሕገ መንግሥት ሲያወጣ

መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ሲያትል መሀል ከተማ ባለ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ፣ ሰው ቆሞ ሊያስነጥስባት በማትበቃ የመስታወት ክፍል ተቀምጬ ሃያ ዓመት ያህል ቲኬት ስቀበል እግሬ አንድም ቀን አላጉረመረመ። ጡረታ በወጣሁ ማግስት ነው ያመፀው። አሁን ሻይ ቀርቦልኝ ስኳሩን ሳላማስል ተነስቼ መስኮት ጋ እሄዳለሁ። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ሻዩ። ባለቤቴ «ውጭ የቀጠረው ሰው አለ መሰለኝ» ትላለች ለጎረቤት። ምን ዋጋ አለው፤ በሰባ አራት ዓመቴ የሚቀጥረኝ ሐኪም ብቻ ነው።

በዚያች የመስታወት ክፍል አንድ ክፉ አመል ለመድኩ፤ ማንበብ። ያውም ስለ አንድ ነገር ብቻ። አሜሪካ ገና አንድ አገር ሳትሆን፣ አሥራ ሦስቱ ግዛቶች ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር ተጣልተው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መንግሥት እንዴት እንዳቆሙ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው በኋላ የመጣውን ትልቁን ሕገ መንግሥት ነው። እኔን የያዘኝ ከእሱ በፊት የነበረው ግርግር ነው። አስቡት እስቲ። ትናንት ዳኛው «በንጉሡ ስም» እያለ ይፈርድ ነበር። ዛሬ ንጉሡ የለም። በማን ስም ይፍረድ? ወዲያ ተኩስ ይሰማል፣ ወዲህ ገበሬና ነጋዴ ተሰብስቦ ሕግ ይጽፋል። አንዱ ይቸኩላል፣ አንዱ ይፈራል፣ አንዱ የጎረቤቱን ይገለብጣል። ቁልፍ የጠፋበት ደንበኛ መስታወቱን እየደበደበ ሲጮህብኝ እንኳ ልቤ ፔንስልቬንያ ነበር።

ታዲያ እድራችን የተጻፈ ሕግ ያስፈልገዋል የተባለ ዕለት እንዴት እንደተነፋሁ መገመት አያቅታችሁም።

እድራችን ለብዙ ዓመት ያለ ወረቀት ኖሯል። ሕጉ ያለው በመሥራቹ ሽማግሌ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። አንድ ሰው ኮል ያደርግላቸውና «የሚስቴ አጎት አገር ቤት አርፈዋል፣ እንቀመጣለን ወይ?» ይላል። እሳቸው ትንሽ ያስቡና «ሁለት ቀን» ይላሉ። በቃ፣ ሁለት ቀን ነው። ማንም አይከራከርም። ባለፈው ዓመት ጉልበታቸው ደከመና ልጃቸው ቴክሳስ ወሰደቻቸው። እኛም ሲያትል ላይ ንጉሥ አልባ ቀረን። ወር ሳይሞላ በከተማው ሰሜን ያሉት የሊንውዶቹ አባሎች «ልቅሶ ቀራችሁብን» ብለው በደቡብ ያሉትን ኬንቶቹን አኮረፉ። ኬንቶቹ «ያልተነገረንን በምን እንወቅ» አሉ። መሀል ላይ፣ ኮሎምቢያ ሲቲ ያለነው ደግሞ በሁለቱም ተቀየምን፤ በምን እንደሆነ አሁን ጠፍቶብኛል፤ መቀየማችን ግን ትክክል ነበር።

ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተመረጠ። ሊቀመንበሩ ከኬንት መጋዘኖች ዕቃ የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሃምሳ አልሞላውም፣ መኪናውንም ስብሰባውንም በአንድ ዓይነት ጥንቃቄ ነው የሚነዳው። ጸሐፊዋ የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ ዕድሜዋ የልጄ ነው፣ ትዕግሥቷ ግን የልጄ አይደለም። ሦስተኛው እኔ።

«አባባ፣ እርስዎ ያነባሉ» አለችኝ። «ሶ፣ ድራፍቱን እርስዎ ይሥሩልን።»

ሁለት ወር ሙሉ አወራሁ። የሰፈራችን ጎዳና ሬይኒር አቬኑ ላይ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አቁሜ ስለ አሥራ ሦስቱ ግዛቶች ነገርኩት። «አባ አንቀጽ» የሚል ስም ወጣልኝ፤ ቅር ያለኝ ለመምሰል ሞከርኩ። አንድ መስመር ግን አልጻፍኩም። ብዕር ሳነሳ እግሬ ይነሳል። ጸሐፊዋ «አባባ፣ ቅዳሜ ነው» ብላ ስታጠብቅብኝ፣ አዲስ አበባ ላለው የእህቴ ልጅ ደወልኩ። የሰፈሩን የድሮ እድር መተዳደሪያ በስልኩ ፎቶ እያነሳ ላከልኝ።

አዎ፣ ገለበጥኩት። ኮኔክቲከትና ሮድ አይላንድም እኮ አዲስ አልጻፉም፤ ንጉሡ የሰጣቸውን የድሮ ቻርተር ይዘው የንጉሡን ስም ብቻ ሰረዙ። እኔም «ቀበሌ» የሚለውን እየሰረዝኩ «ካውንቲ» አስገባሁ። ሁለት ቀን፣ ከሰዓት ከሰዓት ሠርቼ ጨረስኩት። ከላይ ግን «ከአሥራ ሦስቱ ግዛቶች ልምድ ተጠንቶ የተዘጋጀ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩበት።

ኮሚቴው የተሰበሰበው ኮሎምቢያ ሲቲ፣ የአንድ አባላችን ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነው፤ በምስር ከረጢትና በዘይት ካርቶን መሀል። ቆሜ አነበብኩ፤ እንደ ልማዴ።

«አንቀጽ ዘጠኝ። እድሩ ሞትን በየሰፈሩ እየዞረ በጥሩምባ የሚያስታውቅ ለፋፊ ይቀጥራል።»

ጸሐፊዋ መጻፏን አቆመች።

«ጋሼ» አለ ሊቀመንበሩ ቀስ ብሎ፣ «ጥሩምባው ሬይኒር አቬኑ ላይ ነው የሚነፋው?»

«ለምሳሌ ነው» አልኩ።

«ይኼ የፔንስልቬንያ ነው የማሳቹሴትስ?» አለች ጸሐፊዋ፣ ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳታነሳ።

ሳል ያዘኝ። የሽማግሌ ሳል መልካም ነገር ነው፤ ማንም አስረጂ አይልህም። ሳሌን ስጨርስ ወሬውን ለማስቀየስ ስለ ኒው ጀርሲ ነገርኳቸው። ኒው ጀርሲዎች የጠላት መርከብ አፍንጫቸው ሥር ቆሞ ሕጋቸውን በጥድፊያ ሲጽፉ፣ የሚመርጠው «ለአካለ መጠን የደረሰና ሃምሳ ፓውንድ የሚያወጣ ንብረት ያለው ነዋሪ ሁሉ» ነው አሉ። ወንድ አላሉም። ስለዚህ ባል የሞተባቸውና ያላገቡ፣ ንብረት ያላቸው ሴቶች ሄደው መረጡ። ሠላሳ ዓመት ያህል መረጡ! ባል ያላቸው ግን ንብረቱ በባል ስም ስለሆነ አልቻሉም። በኋላ ምክር ቤቱ ሌላ ሕግ አወጣና ሴቶቹንም ጥቁሮቹንም ከለከለ። ይህን ታሪክ እጄን እያወናጨፍኩ፣ ድምፄን ከፍ ዝቅ እያደረግሁ ነገርኳቸው። በሌላው እጄ የያዝኩት ወረቀት አንቀጽ አራት ላይ ምን እንደሚል ትዝ አላለኝም።

የጥሩምባው አንቀጽ ተሰረዘ። ሌላው እንዳለ አለፈ። ከዚያ ማሳቹሴትሶችን እንምሰል አልኩ። እነሱ የመጀመሪያውን ሕጋቸውን ምክር ቤቱ ራሱ ጽፎ ቢያቀርብ ሕዝቡ «አንፈልግም» አለው፤ ለሁለተኛው ግን ለዚሁ ብቻ የተመረጠ ጉባኤ አቋቋሙ፣ ረቂቁንም ወደየመንደሩ ላኩት። የየመንደሩ ሰው ተሰብስቦ አንቀጽ በአንቀጽ ተከራከረና ቅሬታውን ጽፎ መለሰ። እኛም ሦስት መንደር አለን፤ ሊንውድ፣ ኮሎምቢያ ሲቲና ኬንት። የመጨረሻው ጉባኤ ከመድረሱ በፊት ሦስቱም ጋ ሄጄ አነባለሁ አልኩ። መሄድ እንደሆነ እወዳለሁ።

የሊንውዱ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። «ጋሼ ከጻፉት ጥሩ ነው» አሉና አጸደቁ፤ ኳስ ሊጀመር ነበር። ኮሎምቢያ ሲቲ እንዲሁ።

ኬንት የሄድኩት ሐሙስ ከሰዓት ነው። ላይት ሬል ይዤ መሀል ከተማ፣ ከዚያ የኬንቱን ባቡር። መቀመጫ እያለ በር ጋ ቆሜ ሄድኩ። ስብሰባው በአንዲት አባላችን አፓርታማ ነበር፤ ሁለተኛ ፎቅ። አባላችን ስል በልማድ ነው። አባሉ ባሏ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሞቷል። እሷን ግን የማያውቅ የለም። የትም ልቅሶ ይኑር፣ ድስቱን የምታዘው እሷ ናት። ሽሮው ለስንት ሰው እንደሚበቃ በዓይኗ ትለካለች፤ የመጋዘን ፈረቃዋን ጨርሳ ጫማዋን ሳትቀይር ትመጣለች።

አሥራ አራት ሰው ነበር። የመጀመሪያውን አንቀጽ አንብቤ «የሚደግፍ?» አልኩ። አሥራ አራት እጅ። «የሚቃወም?» አምስት እጅ ወጣ።

«እናንተ ቅድም ደግፋችሁ የለም እንዴ?»

«ደግፈናል» አለኝ አንዱ። «ግን ጋሼ ይህን ሁሉ መንገድ መጥተው ጠይቀው አንድም እጅ ሳይወጣላቸው ሲቀር ደስ አይልም።»

ይሉኝታ ይሏችኋል ይኼ ነው። በዚህ አያያዝ ከሰው ብዛት የበለጠ ድምፅ ይዤ እመለሳለሁ ብዬ ስስቅ፣ የቤቱ ባለቤት ሻይ እያደለች «ጋሼ» አለችኝ፣ «እኔ የትኛው አንቀጽ ውስጥ ነኝ?»

«አንቺማ... አራት ላይ ትሆኛለሽ» አልኩና በኩራት ማንበብ ጀመርኩ። «የእድሩ አባል ማለት አባወራ ነው። አባወራው ሲሞት አባልነቱ ለበኩር ልጁ ይተላለፋል። እድሩ ለአባሉ፣ ለአባሉ ሚስትና ልጆች፣ ለአባሉ እናትና አባት ልቅሶ ይቀመጣል።»

መጨረሻው ላይ ድምፄ እየሳሳ ሄደ።

«ልጄ ዴንቨር ነው» አለች። ትሪውን አስቀመጠች። ስልኳን አውጥታ ደወለችለት፣ ድምፁን ለሁላችንም አሰማችን። በአማርኛ አስረዳችው። እሱ በእንግሊዝኛ መለሰላት፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እማዬ፣ ስለ ምን እንደምታወሪ አልገባኝም፣ ግን ችግር የለም፣ ፈርሚልኝ» ማለት ነው። ጥሩ ልጅ ነው። እድር የሚባለውን ነገር ምን ያድርገው?

ስልኩን ዘጋች።

«እንግዲህ አባሉ እሱ ነው። የአባሉ እናት እኔ ነኝ። የእኔ እናትስ?»

እናቷ አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ አልጋ ይዘው ነበር። ሁላችንም እናውቃለን። በየሳምንቱ ስልክ ሲጮህ ልቧ እንደሚቆም እናውቃለን። መርዶው ዛሬ ይምጣ ነገ አይታወቅም፤ በአንቀጽ አራት መሠረት ግን ሲመጣ የእድሩ ጉዳይ አይደለም። የአባል አያት ናቸዋ።

«አይ፣ ለአንቺማ ማን ይቀርብሻል! ሁላችንም እንመጣለን» አለ አንዱ ቶሎ ብሎ።

«መምጣታችሁን አውቃለሁ» አለች። አልጮኸችም። «አዝናችሁልኝ ትመጣላችሁ። የሰው ልቅሶ ላይ ዕቃ ስሸከም የኖርኩት አዝናችሁልኝ እንድትመጡ አይደለም። ባሌ ሲሞት አብሬ ሞቼ ከሆነ ንገሩኝ፤ ለራሴም አለቅሳለሁ።»

ሁሉም ወደ እኔ አየ፤ ጻፈ የተባልኩት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ እውነቱን መናገር ሲገባኝ፣ «እናጠናዋለን» አልኩ። ሰባ አራት ዓመት ኖሬ የተናገርኩት ከሁሉ የወረደው ቃል እሱ ነው።

በመልሱ ባቡር ከአንዱ ፉርጎ ወደ ሌላው ስመላለስ አንድ ሕፃን እናቱን ስለ እኔ ጠየቃት። ቤት ስገባ ለባለቤቴ ነገርኳት። ረቂቁን ተቀብላ መነጽሯን አደረገች።

«እኔስ የት ነኝ?»

«ከእኔ ሥር» አልኩ።

«ከሥርህ» አለች። ወረቀቱን አጥፋ ሻይ ማስቀመጫው ሥር አደረገችው። ሦስት ቀን ራት እየበላን ስለ አየር ሁኔታ ብቻ አወራን፤ የሲያትል አየር ደግሞ ብዙ አያስወራም።

እረፍት አጣሁ። ሬይኒር አቬኑን ወደ ላይ ወደ ታች ስለካው ዝናቡ እንኳ ሰለቸኝ። ኒው ጀርሲን ያወራሁት እኔ! ለዚያች ኮሚቴ «ሴቶቹን ከለከሏቸው፣ አያሳዝንም?» ያልኩት እኔ! ያን ጊዜ ሁሉ የከልካዮቹን ሕግ በክንዴ ሥር ይዤ ነበር የምዞረው። ማንበብ እንዲህ ነው እንግዲህ፤ የሰው ጉድ ያሳይህና የራስህን ይሸፍንልሃል።

ለሊቀመንበሩ ደወልኩ። መኪናውን ፓርክ አድርጎ መልሶ ደወለልኝ።

«አንቀጽ አራትን እንቀይር» አልኩት። «አባል ማለት አባወራ ሳይሆን፣ በቤቱ ያለ አዋቂ ሁሉ ይሁን። ወንድም ሴትም።»

«ጋሼ፣ ሁለቱ መንደር አጽድቋል። አሁን ብንነካው ሁሉም የየራሱን ያነሳል። ይኼን ስብሰባ እዚህ ለማድረስ ስንት ሰው እንዳስታረቅሁ ያውቃሉ?»

«እሷስ?»

«ለእሷማ ዝም ብለን እንሄዳለን። ሕግ ለምን ያስፈልጋል? ደግሞ እርስዎ ያን ሁሉ ሕገ መንግሥት አገላብጠው ያወጡት ነው። አባወራ የሚለውን በምክንያት ይሆናል ያስገቡት።»

እዚህ ላይ ተያዝኩ። መውጫዋ አንዲት በር ብቻ ነበረች፤ እሷም በእኔ ክብር ላይ የምታልፍ።

«አላገላበጥኩም» አልኩ። «ገለበጥኩ። የአዲስ አበባ እድር ነው። በምክንያት ያስገባሁት ነገር ቢኖር ካውንቲ የሚለው ብቻ ነው።»

ከባድ መኪናው እስኪነቃነቅ ድረስ የሳቀ መሰለኝ። «ጥሩምባውን ያየሁ ዕለት ጠርጥሬ ነበር» አለ። «ይሁን ጋሼ። ለሊንውዶቹ ግን እርስዎ ይንገሯቸው። እኔ አልነግርም።»

በማግስቱ ላይት ሬሉን እስከ ሰሜን ጫፍ ይዤ ሊንውድ ወረድኩ። ሰዎቹ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሱቅ ውስጥ ይቀመጣሉ። ተናዘዝኩላቸው። ደስታቸው ልክ አልነበረውም። አንደኛው፣ እኩያዬ የሆነ፣ ጉንጩን በእንባ እያራሰ «አባ አንቀጽ ኮፒ አድርጎ!» እያለ ለገባው ሰው ሁሉ ይደግመው ነበር። ምነው ጥሩምባውን በያዝኩትና ራሴ ለፍፌ በተገላገልኩ።

ስቀው ሲጨርሱ ግን አንቀጹን አልለቀቁም።

«ባልና ሚስት ለየብቻ ድምፅ ካላቸው ቤት ውስጥ ፓርቲ ተቋቋመ ማለት ነው» አለ አንዱ።

«የአንተ ቤት ድሮም ተቃዋሚ አለበት» አለው ሌላው።

«የተፋቱትስ? ሁለቱም አባል ሊሆኑ? አንድ ልቅሶ ላይ ጎን ለጎን ሊቀመጡ?»

«ወንበር አራርቆ ማስቀመጥ ነው» አልኩ።

«ቀላል አታድርገው» አለኝ እኩያዬ፣ አሁን ሳይስቅ። «እድር የቤት ነገር ነው። ቤትን ከከፈልከው እድሩም ይከፈላል።»

የተናገረው ሞኝነት አልነበረም፤ ፍርሃቱ ገብቶኛል። ግን ኬንት ውስጥ አንዲት ሴት ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች፣ የእሱ ቤት ደግሞ ገና አልተከፈለም። ይህንኑ ነገርኩት። «ጉባኤው ይወስን» አለ። ከዚያ በላይ አላገኘሁም።

በአዲሱ አንቀጽ አራት የሚወሰንበት የጉባኤው ቀን ደረሰ። ኮሎምቢያ ሲቲ የተከራየነው አዳራሽ ሞላ። በእጅ ማውጣት እንደማይሆን ከኬንቱ ተምሬ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ይዤ ነበር፤ በአንዱ በቆሎ፣ በሌላው ባቄላ። ማሳቹሴትስ ገና የእንግሊዝ ግዛት ሳለች ሰዎቹ እንዲህ መርጠዋል፤ የደገፈ በቆሎ፣ የተቃወመ ባቄላ። ክዳን ያለው ድስት ጓዳ አስቀመጥን። አንድ በአንድ ገብቶ፣ ማንም ሳያየው፣ አንዲት ፍሬ ጥሎ ይወጣል። በጓዳ ይሉኝታ የለም።

«ማን ነው የሚጥለው?» አለ ሊቀመንበሩ። «አዲሱ ሕግ እስኪጸድቅ አባል አባወራ ነው።»

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነው የሰነበትኩት። «ማሳቹሴትስ ውስጥ ለመምረጥ ንብረት ያስፈልግ ነበር» አልኩ። «ሕገ መንግሥቱን ለማጽደቅ ግን ንብረት የሌለውም ድምፅ ይስጥ ተባለ። ሁሉ የሚኖርበትን ሕግ ሁሉ ይምረጠው ብለው።»

«ሴቶቹም?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ማንም አይፈትሸኝም። «አይ» አልኩ። «እነሱንማ ረስተዋቸዋል።»

«በቃ እንግዲህ።»

ጸሐፊዋ ላፕቶፗን ዘጋች። ድምፁ ተሰማ።

«እኔም አባወራ አይደለሁም» አለች። «ሶ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ቃለ ጉባኤ አንድ አባወራ ይጻፈው።» ተነስታ ኮቷን አነሳች። ከኋላ የነበሩት ሴቶችም እየተነሱ ነው፤ ባለቤቴን ከመካከላቸው አየኋት፤ ወደ እኔ አላየችም። የኬንቷ ሴት ግን አልተነሳችም። እጇን አጣምራ ሊቀመንበሩን ታየዋለች። እሱ አዳራሹን ቃኘ፤ አንድ መንገድ ብቻ የቀረው ሹፌር መሰለ።

«ኦኬ» አለ። «ሁሉም ይጣል።»

ሰልፉ ረጅም ነበር። እኔ የትኛው ጫፍ ላይ እንደቆምኩ አላውቅም፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ ነበርኩ። አንዳንዱ ጓዳ ገብቶ ይቆያል፤ ምን እያሰበ ነው? አንዱ ሲወጣ እያኘከ ነበር። ድስቱ ጠረጴዛ ላይ ተገለበጠና ጸሐፊዋና የሊንውዱ እኩያዬ ፊት ለፊት ተቀምጠው ለዩት። በቆሎ፣ ባቄላ፣ ባቄላ፣ በቆሎ። የባቄላው ክምር ሲያድግ ወደ ውጭ ወጣሁ። ስመለስ እኩያዬ መነጽሩን እያወለቀ ነበር።

«በሰባት ፍሬ» አለ። «በቆሎ።»

እልልታው ከኋላ ተነሳ። ሊቀመንበሩ ውጤቱን በጨዋ ደንብ ተቀበለ፤ እንዲያውም ከልክ በላይ። ሞቅ ብሎት «እንግዲህ» አለ፣ «ስህተታቸውን በአደባባይ ላመኑልን ጋሼ፣ የዕድሜ ልክ የሕግ ጠባቂ ቢሆኑልን እላለሁ። ለዚችኛዋ ድስት አያስፈልግም። የሚደግፍ?»

አዳራሹ ሙሉ እጅ። ትሑት ፊት ለማሳየት ወደ መሬት አየሁ።

«የሚቃወም?»

አንድ እጅ። የኬንቷ ሴት።

«ጋሼን እወዳቸዋለሁ» አለች ቆማ። «ግን ራሳቸው ያላነበቡትን የጻፉ ሰው ዕድሜ ልካቸውን አይጠብቁት። ከፈለግን በየዓመቱ እንመርጣቸዋለን።»

ማንም እንዲህ በግልጽ ተቃውሞ አያውቅም፤ ያውም ውለታ ውሎልኛል በሚሉት ሰው ላይ። ጆሮዬ ጋለ። ምን ልበል? እነዚያ ግዛቶች እኮ ከሞላ ጎደል ሁሉም በየዓመቱ ነበር ምክር ቤታቸውን የሚመርጡት፤ ሥልጣን ከዓመት በላይ ሲቀመጥ ይሻግታል ብለው። ሬይኒር አቬኑ ላይ ይህን ያልነገርኩት ሰው የለም። ጸሐፊዋ ቀስ ብላ እጇን አወጣች። ቀጥሎ ባለቤቴ። ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ቂም ለመያዝ ሳምንት ሞከርኩ፤ ቂሙም አንድ ቦታ አልቀመጥ አለኝ።

ጸደይ ሲገባ ለሊቀመንበሩ ከሆሳዕና ተደወለ። የኬንቷ ሴት ዘመዶች ለራሷ አልደወሉም፤ መርዶ በስልክ ለባለቤቱ አይነገርም። ማን ጋ እንደሚደወል አስቀድማ ጽፋ ሰጥታቸው ኖሯል፤ የእድሯን ሊቀመንበር ስም። እሱ ለጸሐፊዋና ለእኔ ደወለ። ጎህ ሲቀድ ኬንት ተገናኘን። አስፋልቱ እርጥብ ነው። ከኋላችን መኪኖች እየመጡ ፓርክ ያደርጋሉ፤ በሩን ሳናንኳኳ ማንም እንዳይወርድ ተነግሯል። ሞተራቸውን አጥፍተው በመስታወት ያዩናል።

ደረጃውን ወጥተን አንኳኳን። ለፈረቃዋ ተነስታ አንጸባራቂ ሰደርያዋን ለብሳለች፤ ምሳዋን ይዛለች። ሊቀመንበሩን አየችው። ጸሐፊዋን አየቻት። እኔን ስታይ የምለው ቀልድ እንደሌለኝ ከፊቴ አነበበች።

«እናቴ ናት?»

«እህታችን» አለ ሊቀመንበሩ፣ «ማታ አርፈዋል። እድሩ መጥቷል።»

ምሳዋን በሩ ጋ አስቀመጠች። ታች የመኪና በር መከፈት ጀመረ፣ ሰው ወንበር እየተሸከመ ደረጃውን ይወጣል፤ የሊንውዱ እኩያዬ እያለከለከ ከፊት ነው። እሷ ወደ ጓዳ ፈጥና ሄዳ ትልቁን ድስት ከቁም ሳጥኑ ማውረድ ጀመረች። «ስንት ሰው ነው?» ትላለች። «ሽንኩርቱ አይበቃም፤ አንድ ሰው ኮስትኮ ይሂድ...»

ጸሐፊዋ ተከትላት ገባችና ድስቱን ከእጇ ወሰደችው።

«እትዬ፣ ተረኞቹ ታች ናቸው፤ ሽንኩርቱም መጥቷል» አለቻት። «ዛሬ እርስዎ ነዎት ልቅሶ የሚቀመጡት።»

ባዶ እጇን ትንሽ አየችው። ያን ጊዜ ነው ድምፅዋን አውጥታ ያለቀሰችው።